«ትንሽ ይነዝራል»

አክስቴ ላሊበላ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። በገና ሰሞን ልጠይቃት ስሄድ ከምጣዱ ሥር አንድ የመኪና ጎማ ቁራጭ ተነጥፎ አየሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል፤ ጎማው ላይ ስቆም ይተወኛል» አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው የነገረችኝ። መንዘር ከጀመረ ዓመት አልፎታል።

«ትንሽ ይነዝራል።» ይህቺን አባባል ያልሰማ አለ? ፍሪጁ ትንሽ ይነዝራል፣ የሻወሩ ቧንቧ ትንሽ ይነዝራል፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ትንሽ ይነዝራል። ለምደነው እንደ ቤቱ ጠባይ ቆጥረነዋል።

የአክስቴን ጎማ ሳይ አንድ ፈረንጅ ትዝ አለኝ። ከጦርነቱ በፊት ነው፤ አልጋና ማብሰያ ያለው የቤት መኪና እየነዳ የመጣ ሽማግሌ አንድ ማረፊያ ግቢ ውስጥ አቆመ። የመኪናውን ገመድ ከመሰካቱ በፊት ሦስት ትንንሽ መብራቶች ያሏት መሞከሪያ አውጥቶ ሶኬቱ ውስጥ ከተተ። አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ኧርዝ የለውም» ብሎ ሌሊቱን በባትሪ አደረ። ግቢው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅንበት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ሰውየው ግን ሒሳቡን ያውቃል። የቤት መኪና የቆመው በጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ መላው መኪና 220 ቮልት ተሸክሞ ጸጥ ይላል። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ብሬከር አይወርድ። ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አጥቶ ይጠብቃል። መንገድ የሚሆነው በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የመኪናውን በር የሚይዝ ሰው ነው።

የአክስቴ ምጣድም ያው ነው። ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ሬዚስታንስ፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ወይም ሊጥ ሲገባበት፣ ዙሪያውን ያለውን ቆርቆሮ ይነካል። ቆርቆሮው ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ ከሌለው የኮረንቲው መንገድ አክስቴ ናት። ጎማው ለጊዜው ጋርዷታል። አንድ ቀን በአንድ እጇ ምጣዱን ይዛ በሌላው እርጥቡን ግድግዳ ብትደገፍ ግን ጎማው አያስጥላትም።

«ብሬከር አለኮ!» የሚል አይጠፋም። አለ። ግን የምጣድ ብሬከር 20 ወይም 25 አምፔር ነው፤ ሥራውም ገመዱ እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። የሰውን ልብ ለማቆም የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል። ሰው ሞቶም ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል።

የሰፈሩን የመብራት ሠራተኛ ጠራሁ። ሶኬቱን ሲፈታው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ነው። ከሶኬቱ እስከ ምጣዱ የሄደውም ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ታሪኩን አውቀዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከተማው ለወራት በጨለማ ቆየ። ያኔ ጄኔሬተር ካለው ጎረቤት ስልክ ለመሙላት በየግድግዳው ገመድ ተሳበ። መብራት ሲመለስ ገመዱ ቀረ፤ ስልክ ይሞላ የነበረው ሽቦ ምጣድ ተሸከመ።

ሠራተኛው ግን አንድ ነገር አለኝ፦ «ኧርዝ እዚህ አገር አይሠራም፤ መሬቱ አለት ነው።»

ግማሹ እውነት ነው። ላስታ ውስጥ ብዙ ቦታ ትንሽ ቆፍረህ አለት ታገኛለህ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት አገር ነው። ደረቅ አለት ኮረንቲ በቀላሉ አይቀበልም። በበጋ ደግሞ ይብሳል። እንግዳ የሚጎርፍበት፣ ምጣድ ከእሳት የማይወርድበት የገና ሰሞን መሬቱ የሚደርቅበት ወቅት ነው።

ግማሹ ግን ስንፍና ነው። የኧርዙ መቋቋም 1,000 ኦም ቢሆን እንበል፤ መጥፎ ኧርዝ ነው። 220 ቮልት ሲካፈል 0.22 አምፔር ይሆናል፤ 25 አምፔር ብሬከር ይህን አይሰማውም። ነገር ግን በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው መመለሱን የሚቆጣጠር ሌላ ዓይነት መቁረጫ አለ፤ አር.ሲ.ዲ. ይሉታል፣ ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። 0.03 አምፔር ከጎደለበት ወዲያው ይቆርጣል። ለእሱ ያ መጥፎ ኧርዝ ከበቂ በላይ ነው። አለት አገር ላይ መፍትሔው ሁለቱን አብሮ ማስገባት ነው።

እንዲሁ አደረግን። ከቤቱ በታች አፈር በተጠራቀመበት፣ የእጣቢ ውኃ በሚወርድበት በኩል ዘንጉን ቀበርነው። ባለ ሦስት ሽቦ ወፍራም ገመድ ገባ። መቁረጫውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ርካሽ አይደለም፤ ምጣዱም ሬዚስታንሱ ተቀየረ። ሠራተኛው መጀመሪያ «ሦስተኛውን ከኒውትራሉ ጋር ላስረውና ይለቅ» ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ ቆርቆሮው በሙሉ ኮረንቲ ይሆናላ።

ይህን የምጽፈው ምጣድ ስላስጠገንኩ አይደለም። ቤት ስንከራይ «መብራት አለው?» እንላለን፤ «ኧርዝ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ማረፊያ የሚሠራው ስለ ሻወሩ ሙቅ ውኃ ያወራል እንጂ ሻወሩ ስለታሰረበት ሽቦ አያወራም። የጠየቀውን ደግሞ እንስቅበታለን። የሚነዝር ዕቃ እያስጠነቀቀን ነው፤ እኛ ጎማ እናነጥፋለን።

ዛሬ ቤታችሁ የሚነዝር ነገር ካለ ከሶኬት ንቀሉት። ሰው ይዞት ካያችሁ ደግሞ እጁን አትያዙ፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

አክስቴ አሁን በየወሩ በልደታ ቀን የመሞከሪያውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ቀጭ ሲል ትስቃለች። ጎማውን ግን አላነሣችውም። «ይቀመጥ፤ ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም ይቀመጥ አልኳት።