ጎማና ይሉኝታ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ፣ አዘዞን ካለፈና የመገጭን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ጠዳ ትባላለች። ለብዙው መንገደኛ ጠዳ በመስኮት ታይታ የምታልፍ ከተማ ናት፤ ለእኛ ግን መኖሪያችን ናት። በየማለዳው ለሥራ ወደ ጎንደር ወጥተን በየማታው የምንመለስባት ስለ ሆነች፣ መንገዱን ከእግራችን ይልቅ የሞተር ብስክሌታችን ጎማ ያውቀዋል። ዛሬ ስለ ጎማ ልንጽፍ ስንነሣ፣ «ስለ ቅኔና ስለ ታሪክ ይጻፋል እንጂ ስለ ጎማ ምን ይጻፋል?» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ሆኖም ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል ብለን እናምናለን።

ጎማ የሚለው ቃል ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። የውስጡን አየር መያዣ ከመነዳሪ፣ የብረቱን ክብ ቸርኬ፣ ቀዳዳ የሚደፍነውን ባለሙያ ጎሚስታ፣ ማቆሚያውንም ፍሬን የምንለው ከዚያው ቋንቋ ወርሰን ነው። በስታራቼ የሚመራው የፋሽስት ጦር በካሚዮንና በሞተር ብስክሌት ተጭኖ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በዚያም የቀረው የመጨረሻው ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጠላት ሄደ፤ ቃላቱ ግን በጎሚስታው አፍ ላይ ቀሩ። ዛሬ በጠዳና በአዘዞ የሚርመሰመሰው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ እንኳ ዘሩ ቢቆጠር፣ ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ፋብሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ወዳወጣው አፔ ወደተባለው ተሽከርካሪ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ኩራትም አብሮ ይኖራል፤ ይኸውም የኢጣልያ ሞተር የያዘ ሰው ከሌላው የበለጠ ነው የሚል ኩራት ነው። ከዚህ ኩራት እኛም ነፃ አልነበርንም።

በ2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዛን። ሞቶ ጉዚ የተባለው ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካወጣቸው፣ ስቶርኔሎ ተብለው ከሚጠሩት ባለ 125 ሲሲ ሞተሮች አንዷ ነበረች። ስቶርኔሎ በኢጣልያንኛ የወፍ ስም ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ፋብሪካ የሚገኘው ኮሞ በሚባለው ሐይቅ ዳር ስለ ሆነ፣ እኛ የጣና ጎረቤቶች በሐይቅ የተዛመድን መሰለን። መሪዋ ዝቅ ያለ፣ መልኳ ቀይ፣ ድምፅዋ ለጆሮ የሚጥም ነበረች። በጠዳ አውራ ጎዳና ስናልፍ ልጆች ተከትለውን ይሮጡ ነበር፤ እኛም እንዳላየ ሆነን አንገታችንን ቀና እናደርግ ነበር።

ጎማዎቿ በእርጅና ደርቀው ስለ ነበር፣ ከመንገዱ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ወሰድናት። እኒህ ሰው የተነፋውን ከመነዳሪ በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ እየደፈቁ፣ ቀዳዳውን ከሚወጣው አረፋ የሚያገኙ፣ ብዙ የማይናገሩ ባለሙያ ናቸው። ሞተሯን ዞረው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ቸርኬዋ 17 ነው፤ የህንዱም የቻይናውም ጎማ ይገባላታል። ጠንካራ ነው፤ ጠጠሩን ይችላል። ለጠዳ ሰው ይበቃል» አሉን።

«ለጠዳ ሰው ይበቃል» ማለታቸው እንደ ስድብ ሆነብን። ለኢጣልያ ሞተር የሚገባት የኢጣልያ ጎማ ነው ብለን፣ ወደ ውጭ አገር በሚመላለስ ወዳጃችን እጅ ለስላሳ የስፖርት ጎማ አስመጣን። የወር ደመወዛችን እኩሌታ ሄደበት። ጎሚስታው ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «መልካም ጎማ ነው፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ» ብለው ገጠሙልን።

እዚህ ላይ የጎማን ጠባይ በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። ከዛፍ የሚገኘው የጎማ ወተት ብቻውን በሙቀት የሚላቆጥ፣ በብርድም የሚደርቅ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድየር በ1839 እ.ኤ.አ. ከዲን ጋር አሙቆ ጽናት ሰጠው፤ ጆን ዳንሎፕም በ1888 እ.ኤ.አ. አየር የሚነፋበትን ጎማ ለብስክሌት ሠራ። ጎማ መልኩ የጠቆረው ቶሎ እንዳያልቅ ጥላሸት ስለሚጨመርበት ነው። እንግዲህ ሠሪው ቅመሙን ለስላሳ ቢያደርገው አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል፤ ጠንካራ ቢያደርገው ዕድሜው ይረዝማል፣ ነገር ግን ይልቁንም በእርጥብ መንገድ ላይ አያያዙ ይላላል። ሁለቱን በሙሉ በአንድነት ማግኘት አይቻልም። በዓለም ሻምፒዮና ለሚሮጡት ሞተሮች የሚሠራው ጎማ የሚታሰበው ለአንድ ውድድር ብቻ ነው፤ ውድድሩም ቢረዝም 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ የተከበረ ጎማ ከጎንደር ቢነሣ ባሕር ዳር ሳይደርስ ወረታ ላይ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። የእኛው ጎማ እንደዚያ ያለ ባይሆንም፣ የዚያው ወገን ነበር።

ደግሞም ሞተር ብስክሌት በመጠምዘዣ ላይ ወደ ጎን የሚጋደም ስለ ሆነ፣ የጎማው ግንባር እንደ መኪና ጎማ ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ ነው። በቀጥታ መንገድ መሬቱን የሚነካው መካከሉ ነው፤ በመጠምዘዣ ደግሞ ጎኑ ነው። በማናቸውም ጊዜ ከመሬት ጋር የሚያገናኘን የእያንዳንዱ ጎማ ቁራጭ ከመዳፍ አይሰፋም። ከጠዳ እስከ አዘዞ ያለው መንገድ አብዛኛው በሜዳ የሚሄድ ነውና፣ በየቀኑ የሚበላው የጎማው መካከል ብቻ ሆነ። የሚገፋውም ይልቁንም የሚሸከመው የኋላው ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ያለቀው እርሱ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኋላው ጎማ መካከሉ እንደ ምጣድ ልሙጥ፣ ጎኑ ግን እንደ አዲስ ሆኖ ተገኘ። ከጎን ያየው ሰው «ገና ነው» ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ መካከሉ የተደለደለ ጎማ ወደ ጎን ሲጋደም በዝግታ አይወርድም፤ ከደረጃ ጠርዝ እንደሚስት እግር በድንገት ይወድቃል። በላዩ የተቀረጸው ትልምም ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ውሃው ከሥሩ የሚወጣበት ቦይ ነው። ቦዩ ሲጠፋ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለሌላ ጉዳይ ወደ ጎሚስታው ሄደን ሳለ፣ አውራ ጣታቸውን በጎማው መካከል አሳልፈው «ጌታዬ፣ ይህ ለክረምት አይሆንም» አሉን።

«አባባ፣ ጎኑን አላዩትምን? ስንት ብር እንደ ወጣበት ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር» አልናቸው።

«ብሩንማ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ጎማውን ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኛም ለመስከረም እንለውጠዋለን ብለን ለራሳችን ነገርነው። በኩራት የገዛነውን በንፍገት ያዝነው።

እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ እንደ አባት ሆነን ያሳደግነው አንድ ታናሽ ወንድም አለን። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ አንድ ማለዳ፣ ጎንደር ላይ የሚቀመጥበት ፈተና ነበረው፤ ሚኒባስ ስላጣም የሞተሯን ቁልፍ ሰጠነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሯል። የክረምቱ መግቢያ ዝናብ ከሐምሌው ጎርፍ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ነጂ ሁሉ ያውቃል፤ የበጋው አቧራና ከመኪናው የተንጠባጠበው ዘይት ገና ሳይታጠብ እርጥብ ይሆናልና። ወንድማችን ቁልፉን ተቀብሎ ከኋላው ጎማ አጠገብ ጥቂት ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ያሠረ መሰለን። ከዚያም ቀና ብሎ ተመለከተንና፣ «ደኅና ይዋሉ ጋሼ» ብሎን ሄደ።

ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚወጣው ዳገት፣ በአንድ መጠምዘዣ ላይ ጎማው ከዳው። የራስ ቁር ማድረጉ ሕይወቱን አተረፈለት፤ የቀኝ ቅልጥሙ ግን ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ፈተናው አለፈው፤ ዓመቱም ከንቱ ቀረ።

አሁን የምንጽፈው ነገር ከአደጋው ይልቅ የሚያሳፍረን ነው። ዘመድ ወዳጁ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ «መንገዱ ነው፤ ዝናቡ ነው» እያልን መለስን። ጠያቂው እየበዛ ሲሄድ ሐሰቱም እየለመደን ሄደ፤ እንዲያውም አንድ ቀን «ልጅ አይደል፤ ይቸኩላል» እስከ ማለት ደረስን። ወንድማችን አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሰማ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ እንጂ አልተናገረም።

ሞተሯን በጭነት መኪና ወደ ጎሚስታው ባስወሰድናት ጊዜ፣ ሽማግሌው ጎማውን ከቸርኬው አውጥተው፣ ልሙጡን ወገን ወደ እኛ አዙረው መሬት ላይ አኖሩት። «ነግሬዎ ነበር» አላሉንም። ቢሉን ኖሮ በመልስ እንከላከል ነበር፤ ዝምታቸውን ግን የምንከላከልበት አላገኘንም።

በመስከረም፣ ቡና እየተፈላ፣ ወንድማችን ምርኩዙን ከጎኑ አጋድሞ ተቀምጦ ሳለ፣ ያፈነውን ነገር አወጣን። የጎማውን ማለቅ እናውቅ እንደ ነበር፣ ጎሚስታው እንዳስጠነቀቁን፣ ለገንዘቡ ሳስተን እንዳቆየነው፣ በእርሱም ላይ እንደ ዋሸን ነገርነው። ቅር ይለዋል፣ ይቈጣል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሱ ግን አቀርቅሮ ቆየና እንዲህ አለ፤

«እኔም አውቅ ነበር ጋሼ። ያን ጠዋት ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። እርስዎ በየቀኑ የሚሄዱበትን ጎማ አልቋል ብል ድፍረት መሰለኝ።»

ከስብራቱ ይልቅ ይህ ቃል ከበደን። ጎማው ማለቁን ሦስት ሰዎች አውቀናል። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ተናግረው መልሳችንን ቀመሱና ተዉን። እኛ ራሳችንን አታለልን። ልጁ ደግሞ ያሳደግነው በሥርዓት ነውና፣ በዚያው ሥርዓት አፉን ዘግቶ በአለቀ ጎማ ላይ ወጣ። ልጅ ታላቁን ያክብር ብለን ስናስተምር፣ ታላቁ ሲሳሳት በምን ቃል ይንገረው የሚለውን አላስተማርነውም ነበር። ይህ ነገር በእኛ ቤት ብቻ ያለ አይመስለንም። በመሥሪያ ቤት ጸሐፊው የአለቃውን ስሕተት አይቶ ደብዳቤውን እንዳለ ይገለብጠዋል፤ በትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሳተውን ቁጥር አይቶ እንደ ተጻፈ ይቀዳዋል። አክብሮት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚከበረው ሰው ስሕተቱን ለመስማት በሩን ካልከፈተ፣ የታናሹ አክብሮት ለሁለቱም አደጋ ይሆናል። በሩን መክፈት ያለበትም ታላቁ ነው።

ስለ ጎማውም የተማርነውን እንናገር። የደምቢያ ገበሬ ማረሻው በመሬት ተፍቆ ሲያልቅ ብረቱ ከዳኝ አይልም፤ ማለቁ ሥራው ነውና ያስለውጠዋል። የጎማም ማለቅ እንዲሁ ነው፤ ጎማ የሚያልቀው ሰው እንዳያልቅ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው የመንገዱን ዓይነት እንጂ የሞተሩን ስም አይመልከት። በጎማው ጎን ላይ ከሚገኙት ጽሑፎች መካከል አራት አኃዝ ያለውን ያንብብ፤ 2317 ቢል በ2017 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አይርሳ። በመጋዘን ብዙ ዓመት የኖረ ጎማ ትልሙ ሙሉ ቢሆንም ይደርቃል። የነፋሱን መጠን ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካ። በትልሙ ውስጥ እንደ ትንንሽ ግድብ ከፍ ያሉ ምልክቶች አሉ፤ የጎማው ፊት ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጊዜው አልፏል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለመኪና ጎማ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ትልም በሕግ የተከለከለ ነው። መለኪያውም መካከሉ ላይ ይሁን እንጂ በጎኑ ማማር አይታለል።

ዛሬ በሞተሯ ላይ ያለው ሽማግሌው መጀመሪያ የመከሩን ጠንካራው ጎማ ነው። በመጠምዘዣ ላይ ቀስ እንላለን፤ ልጆቹም እንደ ድሮው ተከትለውን አይሮጡም። ወንድማችን ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ቀጥሎ ጨረሰ፤ ብርድ ሲሆን ግን እግሩን ትንሽ ይጎትታል። በየወሩ መጀመሪያ ከኋላው ጎማ አጠገብ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን በመካከሉ ያሳልፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያየውን የሚነግረን እያፈረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ግን ቀና ብሎ ዓይናችንን እያየ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለክረምት አይሆንም» አለን። እኛም ስንት ብር እንደ ወጣበት ሳናነሣ፣ በዚያው ቀን ወደ ጎሚስታው ሄድን።