የክረምት ማገዶ በኦሎምፒያ

ከመስቀል ዐደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚሄድ መንገደኛ ፍላሚንጎን ካለፈ በኋላ፣ ወሎ ሰፈር ሳይደርስ፣ ኦሎምፒያ ከሚባለው ሰፈር ይገባል። በግራና በቀኝ የሚታዩት ረዣዥም ሕንፃዎች፣ ባንኮች፣ ቡና ቤቶችና የመስተዋት ግድግዳ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በዚህ ጎዳና በመኪና የሚያልፍ ሰው ስለ ማገዶ የሚያስብበት ምክንያት ከቶ የለውም። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ጠባብ መንገዶች ባንዱ ሁለት መቶ ርምጃ ያህል የገባ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ፣ ከመኪናው ጩኸት የተለየ ድምፅ ይሰማል፤ ይኸውም ከቆርቆሮ አጥር በስተጀርባ የሚያስተጋባ የመጥረቢያ ድምፅ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ዝናም ግን ቀን ጠብቆ አይመጣምና ብልህ እመቤት ማገዶዋን የምታስገባው ሰኔ ሳይጋመስ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ስለ አዲስ አበባ ሲጽፉ ዘወትር ጸደይ የማይለያት ከተማ ያደርጓታል፤ እንዲህ ብለው የጻፉት በሐምሌ ሌሊት ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያላደሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በተሰወረች ጊዜ እርጥቡ ብርድ ከግድግዳው፣ ከወለሉና ከአልጋው ልብስ ጭምር ይገባል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ ደረቅ ነው፤ ሌሊት በውርጭ ይቈነጥጣል፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ትክሰዋለች። እንግዲህ ማገዶ በዓመት ሁለት ጊዜ አብዝቶ ይፈለጋል፤ እንጨቱ በሚገባ የሚደርቀው ግን በበጋ ብቻ ነው። የቤት እመቤቶች ሐሳብ ሁሉ ከዚህ ላይ ይነሣል።

የአዲስ አበባን ታሪክ በማገዶ በኩል መጻፍ ይቻላል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱን በቈረቈሩ ጊዜ፣ በአካባቢው የነበረው ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ከዚያም በፊት የነበሩት የነገሥታት ከተሞች ዕጣ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ይሰፍራል፤ በዙሪያው ያለው እንጨት ሲያልቅም ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይኬዳል። በአዲስ አበባም ላይ ይኸው ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋናው ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ እንዲዛወር ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ ግን በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን ባለችበት ያስቀራት በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ይህን ስም ሰጠው። ማን እንዳመጣው ሲነገር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚጠራው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳሌ ነው። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲቈረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው እርሱም ልጁም ከአንድ ጉቶ ላይ ደጋግመው ይቈርጣሉ። ውኃ ይመጥጣል፣ በሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለበት። ሆኖም ከተማይቱን ከስደት ያዳናትን ዛፍ እንደ ጠላት የሚቈጥሩትን ሰዎች ስሰማ ደስ አይለኝም። እነዚያው ሰዎች ጕንፋን የያዛቸው ዕለት ቅጠሉን አፍልተው እንፋሎቱን ለመታጠን ይሽቀዳደማሉ።

ይህ የኛ ሰፈር በ1950ዎቹ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከተከፈተ በኋላ የአውራ ጎዳና ሰፈር ሆነ እንጂ፣ በውስጡ ያሉት የቆዩ ግቢዎች ጠባያቸውን ቶሎ አልለወጡም። ዛሬም በአንዳንዶቹ ግቢ ጥግ አንድ ሁለት ባሕር ዛፍ ይታያል። ባለፈው ሰኔ ከጎረቤታችን ግቢ አንዱ ለመውደቅ ስላዘመመ በገመድ ተይዞ ተቈረጠ። በማግስቱ ከመንዝ የመጣ አንድ እንጨት ፈላጭ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ሲያልፍ ባለቤቲቱ ጠሩት። እኚህ እናት ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ እያለ የሚጠራቸው ናቸው።

የሰውየውን ሥራ ቆሜ ተመለከትሁ። በመጀመሪያ ግንዱን በጉማጅ በጉማጅ አስቈርጦ በአንድ የድሮ ጉቶ ላይ አቆመው። ወፍራሙን ጉማጅ መካከሉን አልመታውም፤ ከዳር ከዳሩ እየጀመረ እንደ ልጣጭ ቀነሰው፤ የቀረውንም ልብ በመጨረሻ ለሁለት ከፈለው። ጉጥ ባለበት በኩል መጥረቢያውን አያሳርፍም፤ ያገላብጥና ጉጡን ወደ ታች ያደርገዋል። እምቢ ያለውን በብረት ሽብልቅ ያስከፍተዋል። ስለ ምን በእርጥቡ እንደሚፈልጠው ብጠይቀው ላቡን በእጁ ጠርጎ፣

«መምህር፣ ይህን ዛሬ ካልፈለጥነው በኅዳር ብረት ይሆናል። ያን ጊዜ መጥረቢያዬን ይሰብረዋል እንጂ አይሰነጠቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። የባሕር ዛፍ ጭረት የተጠማዘዘ በመሆኑ ሲደርቅ እጅግ ይጠነክራል። በሌላ በኩል ግን አሁን የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እርሱን ከምድጃ የከተተ ሰው እሳቱ ኀይሉን በሙሉ ውኃውን በማፍላት ስለሚጨርስ የሚያተርፈው ጢስ ብቻ ነው። ስለዚህ በእርጥቡ ፈልጦ፣ ደርቆ ሲያበቃ ማንደድ ነው። ሲከመርም ከመሬት ከፍ ብሎ በሁለት አጣና ላይ ይደረደራል፤ ከላይ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ጐንና ጐኑ ግን ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት ይተዋል። በላስቲክ ሁለንተናው የተሸፈነ ክምር ውስጥ ውስጡን ይሻግታል።

እማማ በበርጩማ ተቀምጠው ሥራውን ይቈጣጠሩ ነበር። «ልጄ፣ ለምጣድ የሚሆነውን ቀጠን አድርግልኝ፤ ለወጥ የሚሆነውን ወፈር አድርገው» አሉት። «እሺ፣ እማማ» ብሎ ሁለት ክምር ለየ። ይህ የሽማግሌ ሰው ጭንቀት ብቻ አይደለም። እንጀራ በምጣዱ ስፋት ልክ የሚዘረጋ ፈጣን ነበልባል ይፈልጋል፤ ለዚህም ጭራሮ፣ ቀጭን ፍልጥና የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይስማማዋል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነድዳል። ወጥ ግን ቀስ ብሎ የሚነድድና ፍም የሚይዝ ወፍራም እንጨት ይሻል። ምን እንደሚጋገርና ምን እንደሚሠራ ሳያስቡ ማገዶ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በምድጃቸው ያቃጥላሉ።

የራሱ ዛፍ የሌለው ቤተሰብ፣ ይኸውም ዛሬ ከሞላ ጐደል የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ማገዶውን ይገዛል። ከሱሉልታና ከሌላም አቅጣጫ በመኪና የሚመጣ አለ፤ ነገር ግን ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ ወርዶ በሽሮ ሜዳ በኩል ከነጋዴ እጅ የሚገባም አለ። እነዚህን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከንጋት በፊት ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው ያስራሉ፤ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ፣ አንዳንድ ጊዜም የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ሸክም አዝለው ቍልቍለቱን ወገባቸውን አጕብጠው ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ በተራራው ላይ ያማረ መናፈሻና መንገድ ተሠርቷል፤ እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ተደስቼበታለሁ። ከመናፈሻው አጥር ውጭ በመንገዱ ዳር ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው የሚያርፉትን እናቶች ግን ተማሪዎቹ ከመናፈሻው የበለጠ ጠየቁኝ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ስንት ይሸጡታል?» አለችኝ። ዋጋውን ብነግራት አላመነችም። በመጽሐፈ ነገሥት የሰራፕታዋ መበለት ነቢዩ ሲያገኛት እንጨት ትለቅም እንደ ነበረ እናነባለን፤ ስለ ዱቄቱና ስለ ዘይቱ ብዙ ሲሰበክ፣ ስለዚያ እንጨት ሲነገር ግን ብዙም አልሰማሁም።

አሁን በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስላለ ማገዶ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ደኅና ነው። መልሱ ክረምት ራሱ ነው፤ ነጐድጓድ ባስተጋባ ቍጥር መብራት ይጠፋል፤ ሊጡ ግን ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እመቤትም ከጓሮዋ ጥቂት ፍልጥ አታጣም። ሆኖም የእንጨት ጢስ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የእናቶቻችን ዐይን በማድ ቤት እንባ ያቀረረው እንዲሁ አልነበረም። ዙሪያው የተከደነውና «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቈጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ዋጋው የአንድ ክረምት እንጨት እንኳ አያክልምና ገንዘቡ የሚገኝለት አባወራ ዘንድሮ ሳያልፍ ቢገዛው ይበጃል።

ከጢሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ጢስ የሌለው ነገር ነው። በሰፈራችን ከሕንፃዎቹ በስተጀርባ በአንዲት ክፍል የሚከራዩ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ቀን በግንባታ ወይም በምግብ ቤት ሠርተው ማታ በርደው ይገባሉ። ብርዱ ሲጸና የከሰል ምድጃውን ከደጅ አንሥተው ወደ ክፍሉ ያስገባሉ፤ በሩንና መስኮቱን ይዘጋሉ፤ የበሩንም ሥር በጨርቅ ይወትፋሉ፤ ይተኛሉም። ከሰሉ ቀልቶ ጢስ ስላቆመ ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛውንም ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መድከም ምልክቱ ነው፤ ያንን የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የታመመውንም «ከሰል መታው» ብሎ ሎሚ ከማሽተት ይልቅ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ክፍል የምታከራዩ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ለተከራዮቻችሁ ክረምቱ ሳይገባ ንገሯቸው። ምድጃው በደጅ ይቀጣጠል፤ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ከክፍሉ ይውጣ።

የማገዶ ነገር ሌላ መልክም እየያዘ ነው። ከእኛ በስተሰሜን ያለው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ሩቅ የከተማ ዳርቻዎች ሄዱ፤ ብዙዎቹም ከግቢ ወደ ፎቅ ቤት ገቡ። በሦስተኛው ፎቅ ላይ እንጨት አይፈለጥም። በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ለእንጀራ መጋገሪያና ለከብት ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት መሠራቱ መልካም አሳብ ነበር፤ በተግባር ግን ብዙ ቦታ ቍልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ አይታወቅም፤ ወይም ለሌላ ሥራ ተከራይቷል። ከዚያ የሄደች አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ዝክር ባላት ቁጥር በሁለት አውቶቡስ ወደ እማማ ግቢ ትመጣለች፤ ድፎ ዳቦዋን እዚሁ ጋግራ ትመለሳለች። እማማም ስለ ማገዶው ምንም አይቀበሏትም፤ እርሷ ግን ስትመጣ አንድ እስር ጭራሮ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም።

ሰኔ 20 ቀን ክምሩ ተደርድሮ አለቀ። ልጆቹ እየተቀባበሉ አቀበሉ፤ እንጨት ፈላጩም የቀን ዋጋውን ተቀብሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ወሎ ሰፈር አቀና። እማማ በምርኵዛቸው እየጠቈሙ ከፋፈሉት። የላይኛው ረድፍ ለሐምሌ 22፣ ለቅዱስ ዑራኤል በዓል ለሚደግሱት ጠበል ጸዲቅ ነው። መካከለኛው ለነሐሴ ነው። የታችኛው፣ ወፋፍራሙ ፍልጥ፣ ለኅዳር ውርጭ የተቀመጠ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው ዳርና ዳሩን በባሕር ዛፍ ልጥ አሳሥረው ምልክት አድርገውበታል።