መኪናው እስኪሞላ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሲጓዝ ትዕግሥቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በመሳፈሪያው ላይ ነው። በፈረንሳይ አገር በነበርንበት ጊዜ ባቡሩ በደቂቃ ተቆጥሮ ሲመጣና ሲሄድ አይተን አድንቀናል። ነገር ግን ከፓሪስ እስከ ማርሴይ ከሦስት ሰዓት በላይ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ወርዶ ሄደ። በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም፤ ጎረቤታችን ግን ገና ሳንነሣ ስማችንን፣ ትውልድ አገራችንንና የመጣንበትን ጉዳይ አውቆ ጨርሷል።

ሐረርን የመሰለች ጥንታዊት ከተማ በባቡር የማይደረስባት ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ መንገደኛ ብዙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሐዲዱ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲዘረጋ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ ሐዲዱን በተራራ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መንገዱ በግርጌው በኩል አለፈ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ በባቡር የመጣ የሐረር መንገደኛ ድሬዳዋ ወርዶ ሌላ መሳፈሪያ መፈለግ ዕጣው ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ለመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህን አልለወጠውም፤ እንዲያውም ጣቢያው ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ በመሆኑ አንድ መሳፈሪያ ጨመረብን።

ባለቅኔው አርተር ራምቦ እግሩን በታመመ ጊዜ፣ በ1883 ዓ.ም.፣ ከሐረር እስከ ዘይላ ድረስ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ አውርደውታል፤ ማርሴይ ደርሶም በ1884 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ይህን እያሰብን ማጉረምረማችንን ልንተው ይገባን ነበር። አልተውንም።

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያን ቀን ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ በለጠ። ረዳቱ «ሦስት ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል፤ ሁለት ሰዎች ሲመጡ መቆየት የሰለቻቸው ሌሎች ሁለት ወርደው ይሄዳሉ፤ ሒሳቡ ያው ሦስት ነው። አጠገባችን በአገልግል ምግብ የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ለረዳቱ ደጋግመው የሚናገሩት በኦሮምኛ ስለ ነበር አልገባንም፤ በገዛ አገራችን እንግዳ ሆንን። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ተረጐመልን፦ ልጃቸው ሐረር ሆስፒታል ተኝቷል፤ የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልፍ ነው። ከዚህ በኋላ የራሳችንን ጉዳይ ማንሣት አሳፈረን። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ዘወር ብለው፣ «የሦስቱን ወንበር ሒሳብ እኛ ብንከፍለውስ?» አሉ። የተከራከረ የለም። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ረዳቱ ዘንድ ደረሰ፤ መኪናውም ተነሣ።

ዳገቱን ወጥተን ደንገጎ ስንደርስ ረዳቱ ሦስት አዲስ መንገደኞች አሳፈረ። ተከፍሎበት ያለቀው ቦታ ሁለተኛ ተሸጠ ማለት ነው። ሁሉም በየቋንቋው ተነሣበት። ሽማግሌው ጫጫታውን ጸጥ አሰኝተው፣ አዲሶቹ የሚከፍሉት ገንዘብ ለእናትየዋ እንዲሰጥ ፈረዱ። ረዳቱ እያጉረመረመ ሰጠ። እሳቸው አልቀበልም፣ ተሳፋሪው ይቀበሉ እያለ ሲከራከሩ ሐሮማያን አልፈን የጫት ገበያዋን አወዳይን ደረስን። እንዲህ ያለ ደስታ በማርሴይ ባቡር አላገኘንም። ቢሆንም እውነቱን እንናገር። መኪና ቆሞ ሲውል ባለቤቱ ነዳጅ አላቃጠለም፤ የተቃጠለው የተሳፋሪው ቀን ነው፤ እርሱም በማንም መዝገብ አይጻፍም። ትርፍ ሰው የጫነውን የሚቀጣ ተቆጣጣሪ አይተናል፤ ሰው ያስጠበቀውን የሚቆጣ ግን አላየንም። ያ ሽማግሌ ባይሳፈሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ሐረር ስንደርስ እናትየዋ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ገሠገሡ። እኛን የተቀበለን አንድ ያረጀ ፔጆ 404 ነው። ፈረንሳዮች ይህን መኪና መሥራት የጀመሩት በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሐረር ለብዙ ዘመን በታክሲነት ኖሯል። በሩ ከውስጥ አልከፈት ስላለ ሾፌሩ ዞረው በክብር ከፈቱልን፤ እንዲህ ያለውን መስተንግዶ የምናውቀው በትልልቅ ሆቴሎች ብቻ ነበር። ለመኪና ሲባል በተከፈተው በር ገብተን ፈረስ መጋላ ወረድን። ከዚያ ወዲያ መሳፈሪያው እግር ነው፤ ጀጎል የታነጸችው ለሰውና ለአህያ እንጂ ለመንኰራኩር አይደለምና። በልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ስሙን ባገኘው በመኪና ግርግር በኩል ቁልቁል ሄድን፤ መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ጭነት ያላት አህያ ስትመጣ ከግድግዳ ጋር እየተጣበቅን አሳለፍን።

ጊደር መጋላ ስንደርስ ሽማግሌውን ሥጋ ሲገዙ አገኘናቸው። ዘንቢላቸውን ከሚያንዣብበው ጭላት በክንዳቸው እየከለሉ፣ ስለዚያ ልጅ የሰማነው ወሬ እንዳለ ጠየቁን። አልሰማንም ነበር።