የእናቴ አይብ

በመምህርነት በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አይብም ይዛልኝ ነበር። እኔ ግን ኦምሌት መሥራት ገና የተማርሁ ሰው ስለ ነበርሁ፣ «ለዚህ የሚስማማው ፎርማጆ ነው» ብዬ አይቡን ወደ ጓዳ አስገባሁት። ፎርማጆው ሙቀት ሲያገኘው ቀልጦ ከዕንቁላሉ ጋር ተዋሐደ። እናቴ ቀመሰችና «ደግ ነው» አለች፤ ሁለተኛ ግን አልጎረሰችም። ምን ያህል እንዳስከፋኋት የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው።

በዚያው ምሽት አይቡን ከጥሬ ዕንቁላል ጋር መትቼ ጠበስሁት። አጓቱ በመጥበሻው ላይ ተንጣለለ፤ ዕንቁላሉም ተበታተነ። ለካ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ሙቀት የሚረጋ በመሆኑ፣ ዳግመኛ ቢያሞቁት እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም! ስለዚህ የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ አጠለልሁት። በማግስቱ ዕንቁላሉ ሊረጋ ሲል አይቡን በመካከሉ በተንሁ፤ ተቀቅሎ በደንብ የተጨመቀ ጎመንና ደቆ የተከተፈ ቃሪያ አከልሁና አጠፍሁት። ቲማቲም ውሃ ስለሚያበዛ እኔ አልጨምርም፤ የሚወድ ሰው ግን ፍሬውን አውጥቶ ይጨምር።

ጾሙ ተፈትቶ ለፋሲካ አገር ቤት ስወርድ፣ እናቴ ራሷ ባወጣችው አይብ ሠርቼ አቀረብሁላት። ቀምሳ ጥቂት ዝም አለች። ያለፈውንም ነገር ሳታነሣ፣ «ልጄ፣ ጨው አንሶታል» አለችና ሁለተኛ ጎረሰች።