በደንገጎ ዳገት ላይ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የደንገጎን ዳገት መውጣቱ አይቀርም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በነፋሻ አየር ትቀበላለች።

ዳገቱን የጀመርነው በቀትር ነበር። አሮጌዋ መኪና መጠምዘዣው ላይ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጫ ጠፋች። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን ይዞ ጎማውን በድንጋይ አስደገፈ። ራዲያተሩን ሊከፍት የተጣደፈውን ወጣት፣ «ተው ልጄ፣ እንፋሎቱ ያቃጥልሃል!» ብሎ ከለከለው። ከዚያም መረመረ፦ ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ ቤንዚንም አልጎደለም፤ ነገር ግን ካርቡሬተሩ ጋ አይደርስም። ለካስ ከሙቀቱ የተነሳ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ መንገዱን ዘግቷል! መድኃኒቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ፓምፑንና ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዞ መታገስ ነው።

ውሃችን አንድ ጀሪካን ብቻ ነው፤ ዙህርም ገብቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አንድ አባት አስታወሱን። ውሃው ለጨርቁም ለውዱኡም በቃ። ሰግደን ስንነሳ ሞተሩም ተነሳ፤ አልሐምዱሊላህ!

ለዐስር ሶላት በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ጀጎል ደረስን። ወጣቶች ሆይ! ለጉዞ ስትነሱ ውሃና ጨርቅ አትርሱ፤ ሰብርንም ስንቅ አድርጉ።