ከመዝገቡ ጀርባ

ከባንክ መስኮት ጀርባ ከመቀመጤ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል የተማሪዎች መኝታ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። በግቢው ቋንቋ «ፕሮክተር» ይሉናል። ይህን ሳወራ ሰው ብዙ ጊዜ ፈገግ ይላል፤ በዲግሪ ተመርቆ ቁልፍ ማደል ምን የሚሉት ሥራ ነው ማለቱ ነው። በ2005 ዓ.ም. የቅጥር ማስታወቂያውን ሳነብ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። ነገር ግን ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል፤ የቤት ኪራይ የምከፍልበትም አልነበረኝም። ተመዘገብሁ።

በልቤ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ግጥም እጽፋለሁ። የዘመናዊ ግጥማችን ታሪክ ከተማሪ መኝታ ቤት ጋር የተዛመደ መሆኑን ደግሞ አንብቤአለሁ። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹ በአዳሪነት ይኖሩ ነበር፤ በኮሌጅ ቀን በዓልም ግጥሞቻቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰማው በዚያ መድረክ ነው። ብዙም ሳይቆይ አዳሪነቱ እንዲቀር ተደርጎ ተማሪው በየከተማው ሠፈር ተበተነ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ወጣቶች አንድ ላይ ማሰብም ይጀምራሉ። እንዲህ ካለው ጣሪያ ሥር ባድር ለእኔም አንዳች ግጥም ይወጣልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

የተረከብሁት ግን መዝገብ ነው። ሕንፃው አራት ፎቅ ነበረው፤ በየፎቁ 16 ክፍል፣ በየክፍሉ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ተማሪ። 384 ፍራሽ፣ 384 ሎከር፣ 64 በር። የእኔ ክፍል ከመግቢያው በስተግራ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ባልደረቦቼ ከተማው ውስጥ ቤት ስለነበራቸው ፈረቃቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ተረኛ ብሆንም ባልሆንም እዚያው አድራለሁ።

ቀድሞ ጥቂት ብቻ የነበሩት የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚያን ጊዜ ከ30 በልጠው ነበር፤ ተማሪውንም ሚኒስቴሩ ከየማዕዘኑ እየመደበ ይልክልናል። የጂንካው ልጅ ከአሳይታው ልጅ በላይ ይተኛል። የነቀምቴው ከደሴው ሳሙና ይበደራል። ከተማችን ደጋ ናትና፣ ከቆላ አንዲት አንሶላ ብቻ ይዞ የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ጫማውን ሳያወልቅ ያነጋል። በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ናፍቆት ይጀምራል።

ለሥራው በተሰጠኝ ዝርዝር ላይ ያልተጻፈው ሥራ የሚመጣው በሌሊት ነበር። ሆዱን የታመመ፣ መብራት ይጥፋ አይጥፋ ብሎ የተደባደበ፣ ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያለቅስ በሬን ያንኳኳል። ከቤት መርዶ ሲመጣም የሚደወለው ለእኔ ነው። የሀገሩን ልጆች ሰብስቤ፣ ሊነጋ ሲል ከአልጋው አጠገብ እንቆማለን። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ሽማግሌ ሆንሁ።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ተለጠፈ። የተባረረ ተማሪ ግቢውን ከመልቀቁ በፊት ክሊራንስ ያስሞላል፤ ፍራሹንና ቁልፉን መመለሱን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት 19 ወረቀት ፈረምሁ። ከእነዚያ አንዱ የ214 ቁጥር ልጅ ነበር። ቁልፉን በሁለት እጁ አስረከበኝ፤ አመስግኖኝ ወጣ።

በሦስተኛው ሌሊት የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ በየክፍሉ ስዞር 214ን ከፈትሁ። ስድስት አልጋ፣ ሰባት ሰው። ልጁ ከጓደኛው ጋር ራስና ግርጌ ሆነው ተኝተዋል። በሩን ቀስ ብዬ መለስሁት።

ከዚያ ወዲያ አየው ጀመር። ጠዋት እንደ ሌላው ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይውላል። ጓደኞቹ ከካፌ ዳቦ በኪሳቸው እየደበቁ ያመጡለታል። አንድ ምሽት ጠርቼ ሻይ ሰጠሁትና ለምን ወደ አገሩ እንዳልሄደ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አባቴ ለእኔ መላኪያ አንዱን በሬ ሸጧል» አለኝ። «አሁን ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ነው የሚያርሰው። እስከ ፋሲካ ቀን ሥራ ልሥራና ትንሽ ገንዘብ ይዤ ልግባ።»

ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። በመጨረሻ «እኔ አላየሁህም» አልሁት። ገባው፤ ብርጭቆውን አጥቦ አስቀምጦልኝ ወጣ።

በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ ጠፋ። የመኝታ ቤቶች አስተባባሪውና የጥበቃ ሠራተኞች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለፍተሻ መጡ። 214 ስንደርስ ሰባተኛው ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

«ይህ ማነው?» አለኝ አስተባባሪው።

ልጁ አየኝ። ጓደኞቹም አዩኝ።

«ስሙ ከመዝገቤ የለም» አልሁ።

ቃሉ እውነት ነበር። ማንም ሐሰተኛ ሊለኝ አይችልም፤ ገጹን ገልጬ ማሳየት እችል ነበር። ነገር ግን የልጁን ስም አውቃለሁ። የአባቱን በሬ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ላፕቶፑ ጠፋ በተባለበት ሰዓት ደግሞ ከዛፉ ሥር ሆኖ በመስኮቴ አይቼዋለሁ። ይህን ሁሉ መናገር «ለምን እስካሁን ዝም አልህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣብኝ ነበር። ሥራዬን ፈራሁለት። ስለዚህ ከማውቀው እውነት ውስጥ እኔን የምታድነኝን መርጬ ተናገርሁ። ልጁን የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር በዋናው በር አስወጡት። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ጓደኞቹ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ሄድሁ፤ አላገኘሁትም። ስልክ አልነበረውም። በአራተኛው ቀን ላፕቶፑን የወሰደው የባለቤቱ የክፍል ጓደኛ መሆኑ ታወቀ። ያንን ለልጁ የሚነግርለት ሰው ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት አዲሶቹ ሲገቡ መዝገቡን ገልብጬ ከጀርባው ጀምሬ ሌላ ሰንጠረዥ አሰመርሁ። ፍራሽና ቁልፍ ሳይሆን፣ የመንደር ስም፣ ከቤት የሚያምነው ሰው፣ የሚደወልበት ስልክ። ተማሪዎቹ «ይህ ለምንድን ነው?» ይሉኛል፤ «ለብርድ ነው» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። የካቲት ደግሞ ተመልሶ መጣ። ክሊራንስ ሊያስፈርመኝ የመጣውን ሁሉ አስቀድሜ «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» እያልሁ ጠየቅሁ። አንዱን አጎቱ መጥቶ ወሰደው። ሁለቱን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ለአንዱ እናት ስደውል ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣ «ልጄ በልቷል ወይ?» አለችኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለእርሱ የሚደርሰው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አሁን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የዚያን ምሽቱን ቃል ዘመዶች በየቀኑ እናገራለሁ። «ፊርማዎ አይመሳሰልም።» «ሲስተሙ አያሳይም።» ሁሉም እውነት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም መባል ያለባቸው ናቸው፤ የሰው ገንዘብ የሚጠበቀው በእነርሱ ነውና። ነገር ግን ከመናገሬ በፊት ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አንሥቼ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የቆመውን ሰው አያለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ ተናግሬአለሁ ወይስ የሚበጀኝን ብቻ? አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል።

ሥራውን በ2007 ዓ.ም. ስለቅቅ እኔም በተራዬ ክሊራንስ ማስሞላት ነበረብኝ። ንብረት ክፍሉ መዝገቡን ገለጠና ከጀርባው የጻፍሁትን አየ። የመንግሥት ንብረት አበላሽተሃል፤ ዋጋውን ካልከፈልህ አልፈርምልህም አለኝ። ክርክር አላበዛሁም። ከፈልሁ፤ የከፈልሁበትን መዝገብ ደግሞ ይዤው ወጣሁ።

አሁን ቤቴ፣ ከግጥም ደብተሮቼ ሥር ነው። በጀርባው የመጀመሪያ መሥመር ላይ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት፣ የዚያን ልጅ ስም ጽፌአለሁ። መንደሩን ሻይ ስንጠጣ ነግሮኝ ስለነበር እርሱንም ጽፌአለሁ። የስልኩ ቦታ ባዶ ነው።