እጅ መንሻ

የአባቴ አርባ ከወጣ በኋላ እናቴ ዕቃውን ማከፋፈል ጀመረች። ካፖርቱ ለአጎቴ ሄደ፤ መጻሕፍቱና የእጅ ሰዓቱ ለእኔ ደረሱ። በበሩ ጥግ በሰንሰለት የታሰረውን ሻምበልን ግን የሚወስደው ጠፋ። ሻምበል ውሻ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠው አባቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ከሁለት ሜትር ሰንሰለት አልፎ አያውቅም። ሌሊት ሲፈታ ግቢውን ይዞራል፤ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጅብ ሲጮኽ እርሱም ይጮኻል። ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ለክትባት ልትወስደው ገመድ አስራ ስታወጣው ጎትቶ ኮብልስቶኑ ላይ ጣላት። የእጇ አንጓ ሳምንት ሙሉ አብጦ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ቡና እየቀዳችልኝ ፍርዷን ነገረችኝ፦ «እስከ ፋሲካ ሰው ካደረግኸው ይቀመጥ። ካልሆነ የሚወስደው ፈልግለት።» ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ በጎዳና የሚያድሩትን ውሾች ስለማውቅ፣ «የሚወስደው» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሻምበል ቀረብኩና ራሱን ልዳብሰው እጄን አነሣሁ። ወዲያው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀበረ። አልጮኸም፤ አልሸሸም፤ የሚመጣውን ጠበቀ።

ያንን አጨፋፈን አውቀዋለሁ። አባቴ የሂሳብ መምህር ነበር። የማባዛት ሠንጠረዥን ያስጠናኝ በስተቀኙ አርጩሜ አስቀምጦ ነው። ሰባት ሲባዛ በስምንት ስባል፣ ከመልሱ በፊት ዓይኔ ወደ አርጩሜው ይሄዳል። ዱላ አያስተምርም ብዬ አልዋሽም፤ ሠንጠረዡን ተምሬ ይኸው ዛሬ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ነገር ግን ከሠንጠረዡ ጋር ሌላም ነገር ተምሬያለሁ፤ ያጠፋሁትን መደበቅ፣ የሰውን ፊት አይቶ ቀድሞ መጨፈን። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአባቴ አፍ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። የሚወደኝ ሰው ነበር፤ ቃሉን ግን አልለመደውም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ውሻ ማሠልጠን ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ፣ ውሾቹ ምግቡ ሳይቀርብ፣ ምልክቱ ብቻ ሲደርሳቸው ምራቃቸው እንደሚፈስ አይቶ ነበር። አሜሪካዊው ቶርንዳይክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ባደረገው ጥናት፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም አሳየ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የካረን ፕራየር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሃዋይ ዶልፊኖችን ታሠለጥን ነበር። ዶልፊን በገመድ አይጎተትም፤ ብትቆጣው ዋኝቶ ይርቅሃል። ያላት መሣሪያ አንድ ባልዲ ዓሣና አንድ ፊሽካ ብቻ ነበር። እንስሳው ትክክለኛውን ነገር በሠራባት ቅጽበት ፊሽካው ይሰማል፤ ዓሣው ይከተላል። በኋላ ይኸው መንገድ ጠቅ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይዞ ወደ ውሻ ተሻገረ።

እኔ ያቺን መሣሪያ አላገኘሁም። «ጎበዝ» ልለው አስቤ ግቢው መሀል ቆምኩ፤ ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ማንም ሳይሰማኝ አፈርኩ። ስለዚህ የሥራ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ። ጠቅ፤ ቁራሽ ሥጋ። ጠቅ፤ ቁራሽ ሥጋ። በሁለተኛው ቀን እስክሪብቶው ጠቅ ሲል ሻምበል ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እጄን ማየት ጀመረ። የተነሣ እጅን ሳይሆን የተዘረጋ እጅን።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ቁራሹ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ምልክቱ ግን ድርጊቱ በተፈጸመባት ቅጽበት መሰማት አለበት። ውሻው ተቀምጦ ተነሥቶ ከዚያ ብትሸልመው የሸለምከው መነሣቱን ነው። እኔ ደመወዜ በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ ለየትኛው ቀን ሥራዬ እንደተከፈለኝ ግን አውቄ አላውቅም። ሒሳቤ ሳይዛነፍ የዋለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቀናት አሉኝ፤ ስለ አንዳቸውም የጠራኝ አለቃ የለም። የተጠራሁት ስሳሳት ነው።

እናቴ ከበረንዳው ታየንና «ይሄማ ጉቦ ነው» ትላለች። «ጉቦ ከሥራው በፊት ነው የሚሰጠው፤ ይህ ግን ደመወዝ ነው» እላታለሁ። እንደ ባንክ ሠራተኛ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠበቅብኛል።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ፈተና መጣ። የሰፈራችን ሥጋ ቤት ለሃምሳ አምስት ቀን ተዘጋ፤ እናቴም በድስቷ የፍስክ ነገር አታስነካም። ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም የሚሆን ነገር ፈልጌ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ለቅልቄ ሞከርኩ። ሻምበል ከሥጋው አላሳነሰውም። «እንግዲህ እርሱም ጾመኛ ሆነ» ብላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መጀመሪያ ያስተማርኩት ጨዋታ እጅ መንሣት ነው። ማለዳ ሲነቃ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ወገቡን ሽቅብ ትቶ ይንጠራራል። እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ ይህን ብቻ እጠብቃለሁ። ሲንጠራራ ጠቅ፤ ዳቦ። በአሥረኛው ማለዳ እኔን ሲያይ ሆን ብሎ ተንጠራራ፤ ያን ጊዜ «እጅ ንሣ» የሚለውን ቃል ጨመርኩበት። ግጥም ስጽፍም እንዲሁ ነው፤ ቤት የሚመታውን ቃል መጎተት አይቻልም፤ ሲመጣ ነቅቶ መያዝ ነው።

«ከጎኔ» የሚለውን ትእዛዝ የጀመርነው በግቢው ግንብ ሥር ነው። ሻምበል በግንቡና በግራ እግሬ መካከል ሲሆን የሚያፈነግጥበት ቦታ የለውም። አንድ እርምጃ፤ ጠቅ፤ ዳቦ። ዳቦውን የምሰጠው ሁልጊዜ ከሱሪዬ የግራ ስፌት አጠገብ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ተረቱ፤ በበላበት ቦታ መቆምም ይወዳል። ከዚያ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ያለ ግንብ። ገመዱ ሲወጠር አልጎትትም፤ እንደ ዛፍ እቆማለሁ። ሲላላ መንገዱ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከበራችን እስከ ጎረቤታችን በር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ወስዶብን ነበር። መጋቢት ሲጋመስ ግን እስከ ሱቁ ድረስ ገመዱ ላልቶ ደረስን።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን የምሽቱን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ውሸት ይሆናል።

አንድ ቀን መስኮቴን ዘግቼ ስቆጥር ሁለት ሺህ ብር ጎደለኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። የጎደለው ከቆጣሪው ኪስ ይወጣልና ፈርሜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ማረፍ ይገባኝ ነበር፤ ሻምበልን ይዤ ወጣሁ። ከአንድ አጥር ሥር ድመት ዘለለች፤ ሻምበልም ዘለለ፤ ትከሻዬ ተነቀለ ያልኩት እስኪመስለኝ ተጎተትኩ። ገመዱን በሙሉ ኃይሌ መለስኩት፤ የተረፈውን ጫፍ አጥፌ እጄን አነሣሁ። እንኳን ልመታው፣ ገና ሳላወርደው ኮብልስቶኑ ላይ ተነጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከሥሩም እርጥበት ወጣ።

አየር ላይ የቀረውን እጄን አየሁት። የአባቴ እጅ ነበር፤ ሰዓቱም የእርሱ ሰዓት ነበር።

ፓቭሎቭ ያየው ነገር በሁለት በኩል ይሠራል። ጠቅታ ዳቦን እንደሚያስታውስ፣ የተነሣ እጅ ሕመምን ያስታውሳል፤ የሁለት ወር ዳቦም የአንድ ምሽት እጅን አላሸነፈም። በማግስቱ ሻምበል ወደ ግራዬ አልመጣም። እጄ የማይደርስበትን ርቀት ለክቶ ተቀመጠ። ትእዛዝ መስጠቱን ተውኩ። አሥራ አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ በረንዳው ደረጃ ላይ ጎኔን ሰጥቼው እየተቀመጥኩ ዳቦ ወረወርኩለት፤ በየቀኑ ጥቂት እያቀረብኩ። ከነዚያ ማለዳዎች በአንዱ ይህን ጻፍኩ፦

የተነሣ እጅ ሁሉ ሊመታው ይመስለዋል፣
እኔም በልጅነቴ እንዲሁ መስሎኛል፤
ዳቦ ይዤ ዛሬ እጄን ስዘረጋ፣
ሁለታችን ፈርተን ቆየን እስኪነጋ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከእጄ በላ። ያን ጊዜ እስክሪብቶው በኪሴ አልነበረም፤ ቃሉ ብቻውን ወጣ፦ «ጎበዝ።» ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር።

ባንክ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ ሥራ የምትለምድ ጀማሪ አለች። በዚያው ሳምንት ሐሰተኛ ብር ከጥቅል መሀል በጣቷ ዳስሳ አወጣች። ፊት ቢሆን ዝም እል ነበር። «ጎበዝ» አልኳት፤ እዚያው፣ ብሩ ገና በእጇ ሳለ። ቀና ብላ አየችኝና ቆጠራዋን ቀጠለች።

ቅዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣትን ቀጤማ በራሷ እንዳሰረች፣ ለበዓሉ የጎደለ ዕቃ ልትገዛ ተነሣች። «አብረን እንሂድ» አልኳት። ሻምበልን አየችው፤ አንጓዋን በሌላ እጇ ያዘች፤ ግን ወጣች። እርሷ በቀኜ፣ እርሱ በግራዬ ሆነን ወረድን። መታጠፊያው ላይ አንድ ወጣት የፋሲካ በግ እየጎተተ ብቅ አለ። በጉ አልሄድም ብሎ ይጮኻል። ሻምበል ቆመ፤ ጆሮው ተቀሰረ። ገመዱ በእጄ ውስጥ እንዳይወጠር እየጸለይኩ እኔም ቆምኩ። በጉን አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ።

አፌን ልከፍት ስል ከቀኜ በኩል የእናቴ ድምፅ ቀደመኝ።

«ጎበዝ» አለች።

ለማን እንዳለችው አልጠየቅኳትም። ገመዱ እንደላላ መንገዳችንን ቀጠልን።